ስልክ፣ ፍላሽና ጠመኔ፦ ከመምህራንና ከወላጆች ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በተቃረበ ቁጥር ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ይዘታቸው ይለወጣል፤ በሰኔ ስለ ፈተናና ስለ ውጤት ይጽፉልን የነበሩ መምህራን በነሐሴ ስለ ዝግጅት ይጠይቁናል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው አምስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚያነሡት ስልክን፣ ኮምፒውተርንና በውስጣቸው ያለውን የማስተማሪያ ጽሑፍና ምስል እንዴት አደራጅቶ ለክፍል ማብቃት እንደሚቻል ነው። ጸሐፊዎቹ በጠየቁን መሠረት ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በደብረ ማርቆስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በስልኬ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር የምገናኝባቸው 14 የቴሌግራም ግሩፖችና ቻናሎች አሉኝ። ሾርት ኖት፣ ወርክሺት፣ የቀድሞ ፈተናዎች፣ የመጽሐፉ ፒዲኤፍ፣ ሥዕልና ቪዲዮ ሁሉ በየቦታው ተበትኗል። ክፍል ልገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ የምፈልገውን ወረቀት አጣና ባልደረባዬን «እባክህ ድጋሚ ላክልኝ» እላለሁ። ስልኬም ሞልቷል እያለ ያስቸግረኛል። የትኛውን መተግበሪያ ብጠቀም እገላገላለሁ?

መልስ፦ አዲስ መተግበሪያ አልመክርዎትም። አሁን ባሉዎት ላይ አንድ ሲጨመር ፋይል የሚጠፋበት ቦታም አንድ ይጨምራል። ቴሌግራም ለመምህራን ትልቅ ውለታ የዋለ መሣሪያ ነው፤ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ብዙዎቻችን ከተማሪዎቻችን ጋር መገናኘት የቻልነው በእርሱ ነበር። ይሁን እንጂ ቴሌግራም መንገድ ነው፤ እህል በመንገድ ላይ ይጓጓዛል እንጂ አይከማችም። ለእርስዎ የጎደለው ጎተራ ነው፤ ጎተራውም አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ጎተራው በላፕቶፕዎ ላይ፣ ላፕቶፕ ከሌለዎትም በስልክዎ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚከፍቱት አንድ ፎልደር ይሁን። በውስጡ መጀመሪያ የክፍል ደረጃው፣ ቀጥሎ ምዕራፉ ይግባ። ብዙ መምህራን «ቪዲዮ»፣ «ፈተና»፣ «ሥዕል» እያሉ በፋይሉ ዓይነት ይከፍላሉ፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። መምህር ወደ ክፍል ሲሄድ ግን በልቡ የያዘው «የ10ኛ ክፍል፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ሦስተኛው ንዑስ ርዕስ» የሚለውን ነው። ስለዚህ አከፋፈልዎ ዓመታዊ ዕቅድዎን ይከተል፤ አንድን ምዕራፍ የሚመለከት ማንኛውም ነገር፣ ሾርት ኖቱም ሥዕሉም የአምናው ፈተናም፣ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ከግሩፕ የመጣ ፋይል በዚያው ቀን ወደ ቦታው ካልገባ እንዳልመጣ ይቁጠሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ ሃያ ደቂቃ ለዚህ ሥራ ቢመድቡ ይበቃዎታል።

የፋይል ስም አወጣጥን ቀላል ነገር ነው ብለው አይለፉት። ቀኑን ከዓመት ጀምረው ወደ ወርና ወደ ቀን ይጻፉ፤ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ያድርጉ። «2018-02-06 ባዮ10 ምዕ2 መልመጃ» የሚል ስም የጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. መልመጃ መሆኑን ሳይከፈት ይናገራል፤ ፋይሎቹም በስም ሲደረደሩ በራሳቸው የጊዜ ቅደም ተከተል ይይዛሉ። ስልክዎና ኮምፒውተርዎ በራሳቸው የሚመዘግቡት ቀን የፈረንጆቹ ነው፤ ዕቅድዎና ሮስተርዎ ግን በእኛ አቆጣጠር የተሠሩ ስለሆኑ የእኛው ቀን በስሙ ውስጥ መግባቱ ብዙ ማሰላሰልን ያስቀርልዎታል። ጳጉሜንን 13 ብለው ቢጽፉም የሚያግድዎት የለም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ስም እንጂ እንደ ቀን አያነበውም።

በአማርኛ ስም የሚያወጣ መምህር የሚገጥመው ሌላም ችግር አለ፤ ስለዚህ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። «ሥርዓተ ልመት» የሚለውን አንድ ቀን በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላ ቀን በእሳቱ «ሰ» ቢጽፉት ለእርስዎ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ ፈልገው በሌላው የጻፉትን አያገኙትም። «ምዕራፍ»ን በዐይኑ «ዐ» ወይም በአልፋው «አ» መጻፍም እንዲሁ ነው። ፋይሉ ሳይጠፋ «ጠፋ» ተብሎ እንደገና የሚተየብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፤ የመረጡትንም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በላፕቶፕዎ ክዳን ወይም በዕቅድ ደብተርዎ ሽፋን ላይ ይለጥፉት። የዲፓርትመንትዎ መምህራን በአንድ አጻጻፍ ቢስማሙ ደግሞ እርስ በርስ መዋዋስ እጅግ ይቀላል።

ስልክዎን የሞላው አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ያስቀመጡት ሳይሆን ቴሌግራም ሳይጠይቅዎ ያወረደው ነው። በቅንብሩ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» በሚለው ክፍል ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት ይቻላል፤ እዚያው «ስቶሬጅ ዩሴጅ» በሚለው ሥር የተጠራቀመውን ቢያጸዱ መልእክቶቹ አይጠፉም፤ ሲፈልጉ እንደገና ያወርዷቸዋል። ነገር ግን የቻናሉ ባለቤት ያጠፋውን ፋይል ማንም አይመልስልዎትም፤ የሚያስፈልግዎትን አስቀድመው ወደ ጎተራዎ ያስገቡ። ሥዕላዊ መግለጫዎችን ለተማሪ ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ስለሚጨመቅ በሕዋስ ሥዕል ላይ ያሉት ጥቃቅን ጽሑፎች ይደበዝዛሉ።

ለተማሪዎች በክፍል ደረጃ አንድ ቻናልና አንድ ግሩፕ ይበቃል። በቻናሉ ላይ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የቤት ሥራው በሰላምታና በቀልድ ብዛት አይሸፈንም፤ ጥያቄና ውይይቱ በግሩፑ ይሁን። በቻናሉ አናት ላይ የምዕራፎቹን ዝርዝር የያዘ አንድ መልእክት ፒን አድርገው በየጊዜው ያድሱት። የማስረከቢያ ሰዓት ሲጽፉ ደግሞ «እስከ 12 ሰዓት» ብለው አያቁሙ፤ «እስከ ማታ 12 ሰዓት» ወይም «እስከ እኩለ ሌሊት» ይበሉ። ስልኩ 12:00 ሲል እኛ 6 ሰዓት ስለምንል በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ሳያስረክቡ የቀሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ጥፋቱም የእነርሱ አልነበረም።

በመጨረሻ ስለ ቅጂ። በ2003 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ጥያቄዎቼን በሙሉ የያዘ ፍላሽ በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ በቫይረስ ተበላብኝ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የዚያን ዓመት ሞዴል ፈተና በእጅ ጽፌ ነው ያደረስሁት። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቅጂ በላፕቶፕ፣ አንዱን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ በማይቀመጥ ፍላሽ፣ አንዱን ደግሞ በኢንተርኔት ላይ አስቀምጣለሁ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአንድ መምህር ጽሑፎች ከበቂ በላይ ነው፤ ቪዲዮ ካልጨመሩበት ለዓመታት አይሞላም። ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት ሊሰረዝ ስለሚችል ግን ለክረምቱ ሥራ ብቻ ከፍተው አይርሱት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከወልድያ ወጣ ባለች አንዲት ከተማ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 65 ተማሪዎች አሉኝ። ያለኝ የራሴ ላፕቶፕና ስልክ ነው፤ ፕሮጀክተር ከፔዳጎጂ ማዕከል በተራ እንዋሳለን። በክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ መብራትም ይጠፋል። ርዕሰ መምህራችን እያንዳንዱ መምህር በሳምንት ሁለት ጊዜ «በቴክኖሎጂ የታገዘ» ትምህርት እንዲሰጥ አዘዋል። ቪዲዮ እያሳየሁ ጊዜውን ከመሙላት የተሻለ ምን ላደርግ እችላለሁ?

መልስ፦ ደብዳቤዎ ብዙ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ እኔም የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። በየክፍሉ ፕላዝማ ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይተላለፋል፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው በመግቢያና በመዝጊያ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበር። ሥዕሎቹና እንቅስቃሴዎቹ ውብ ነበሩ፤ እኔ ራሴ በጠመኔ ልሥለው ያልቻልሁትን ማዕበል በዚያ አይቻለሁ። ነገር ግን ፕላዝማው አይቆምም ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ ከዚያ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ ልትጠይቅ ስትል ትምህርቱ እየነጎደ ሄደ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ላስቆምላት አልቻልሁም። ልጅቱ እጇን ቀስ አድርጋ ያወረደችበትን ሁኔታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ አንድን መሣሪያ ወደ ክፍል ከማስገባቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። በፈለግሁበት ቅጽበት ላቆመው እችላለሁን? ተማሪ «ቢሆንስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ በሌላ ቁጥር ልሞክረው እችላለሁን? መብራት ቢጠፋ የጀመርሁትን በጠመኔ ልቀጥል እችላለሁን? ቪዲዮ የመጀመሪያውን ብቻ ያሟላል፤ እርስዎም ጊዜ መሙያ እንዳይሆንብዎት መስጋትዎ ተገቢ ነው።

ለእርስዎ ሁኔታ በመጀመሪያ የምመክረው በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁትን «ፌት» የተባሉ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ አስመስለው የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ነው። ሥራውን በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጀመሩት በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ካርል ዋይማን ናቸው። ሲሙሌሽኖቹ በነፃ ይወርዳሉ፤ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በላፕቶፕዎ ካስቀመጧቸው በኋላ በተራ የኢንተርኔት ማሰሻ ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ። ከእነርሱ መካከል ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ እያገናኙ የኤሌክትሪክ ዑደት የሚሠሩበት አለ፤ ለ10ኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ይህ አንዱ ብቻ እንኳ የብዙ ክፍለ ጊዜ ሥራ ይሆናል።

አጠቃቀሙን ላስረዳ። ፕሮጀክተሩን ከማብራትዎ በፊት በሰሌዳው ላይ አንድ ባትሪና በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎችን ይሣሉ። «የትኛው አምፖል ይበልጥ ይደምቃል?» ብለው ይጠይቁና እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ከነምክንያቱ በደብተሩ እንዲጽፍ አምስት ደቂቃ ይስጡ። ከልምዴ እንደማውቀው ብዙዎቹ «የመጀመሪያው፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩን ቀድሞ ይበላዋል» ይላሉ። ከዚያ በሲሙሌሽኑ ላይ ያገናኙት፤ ሁለቱም እኩል ይበራሉ፤ አንዱ ብቻውን ከነበረበት ጊዜ ግን ሁለቱም ደብዝዘዋል። እዚህ ላይ ያቁሙት። ተማሪዎቹ በጻፉትና ባዩት መካከል ያለውን ልዩነት እንዲከራከሩበት ያድርጉ፤ ትምህርቱ ያለው በዚህ ክርክር ውስጥ ነው። ቀጥሎ በትይዩ ያገናኟቸውና እንደገና ያስገምቱ። አስቀድሞ ያልገመተ ተማሪ ስክሪኑን እንደ ፊልም ያየዋል፤ የገመተ ተማሪ ግን የራሱ ነገር ስላለበት ዓይኑን አይነቅልም። የሲሙሌሽኑን ጥቅም የሚወስነው ይህ የአምስት ደቂቃ ግምት ነው ብዬ አምናለሁ።

ፕሮጀክተሩን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አያብሩት፤ ምስሉን ይውጠዋል። ሁለት ሜትር ያህል አቡጀዲ ከላይና ከታች እንጨት አስገብተው ከሰሌዳው ጎን ቢሰቅሉት ምስሉ በአቡጀዲው፣ ስሌቱ በሰሌዳው ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ መብራት ሲጠፋም የሰሌዳው ግማሽ በእጅዎ ይቀራል። በስተኋላ ያሉት ተማሪዎች ማየታቸውን ለማረጋገጥ ከትምህርቱ በፊት በመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ።

መብራት በማይኖርበት ቀንም ስልክዎ መሣሪያ ነው። በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ፋይፎክስ» የተባለ ነፃ መተግበሪያ በስልኩ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች ተጠቅሞ ፍጥንጥነትን፣ ድምፅንና ሌላም ይለካል። እርሱን ማውረድ ባይችሉ እንኳ የስልኩ የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃል። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ክር ድንጋይ አንጠልጥለው ቢያወዛውዙት አሥር ምልልስ ለማድረግ 20 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያሳጥሩት አሥሩ ምልልስ በ10 ሰከንድ ያልቃል። ርዝመቱ በአራት ሲከፈል ጊዜው ለምን በሁለት ብቻ ተከፈለ? ድንጋዩን በከበደ ድንጋይ ብንለውጠውስ? 65 ተማሪ በአሥር ቡድን ተከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን በተለያየ ርዝመት ቢለካና ውጤቱን በሰሌዳው ላይ በአንድ ሠንጠረዥ ቢያሰባስብ የ9ኛ ክፍል የምልልስ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም።

ማን እንደገባው በአንድ ጊዜ ለማየት «ፕሊከርስ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ተማሪው ቁጥር የታተመበትን ካርድ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ያነሣል፤ መምህሩ ክፍሉን በስልኩ ካሜራ ሲቃኝ የሁሉም መልስ ይመዘገባል። መተግበሪያው ጥያቄዎቹን ለመጫንና ውጤቱን ለማስቀመጥ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ፣ ሰፊው የካርድ ስብስቡም 63 ካርዶች ስለሚይዝ፣ ለእርስዎ ክፍል በትክክል አይመጥንም። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ ከአሮጌ ካርቶን አራት ፊደል የተጻፈባቸው አራት ቁራጮች አዘጋጅቶ በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ይያዝ። ጥያቄ ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንሣ፤ እርስዎ በስልክዎ አንድ ፎቶ ያንሡና ማታ በእርጋታ ይቁጠሩት። ከቆጠሩ በኋላ ፎቶውን ያጥፉት።

ፔዳጎጂ ማዕከሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች ካሉት ደግሞ «ኮሊብሪ»ን እንዲያስገቡ ከዲፓርትመንትዎ ጋር ይምከሩ። የካን አካዳሚን ትምህርቶችና እነዚያኑ ሲሙሌሽኖች በአንድ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጦ በአካባቢው ዋይፋይ ለሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያለ ኢንተርኔት የሚያዳርስ ነፃ ፕሮግራም ነው። ይዘቱ በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስለሚገለበጥ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጅ አንድ ጊዜ ቢያወርድልዎ ለዓመቱ ይበቃል።

ስለ ርዕሰ መምህሩ ትእዛዝ፦ ሰውየው ለበጎ እንዳዘዙት አልጠራጠርም። እርስዎ ግን ቁጥሩን ሳይሆን ቦታውን ይዘው ያናግሯቸው። በዓመታዊ ዕቅድዎ ላይ ለዓይን የማይታዩትን ወይም በሰሌዳ ሊሣሉ የማይችሉትን ርዕሶች ያስምሩባቸውና «መሣሪያውን የምጠቀመው በእነዚህ ላይ ነው» ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ። በአንዳንድ ሳምንት አራት ጊዜ ይሆናል፤ በአንዳንዱ ምንም አይሆንም። እንደዚህ ተዘጋጅቶ የቀረበ መምህርን የማይሰማ ርዕሰ መምህር በብዛት አላየሁም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምኖር ወላጅ ነኝ። የልጄ የክፍል ተጠሪ መምህር በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የክፍሉን ሙሉ ማርክ ሊስት ከነስሙና ከነደረጃው ፎቶ አንሥተው ይለጥፋሉ። ልጄ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ስሙን ሌሎች ወላጆች ስላዩት ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ሁለት ቀን አስቸግሮናል። ይህ ተገቢ ነውን? ብናገርስ ልጄ ይጎዳብኝ ይሆን?

መልስ፦ ተገቢ አይደለም። የልጅ ውጤት የልጁ፣ የወላጁና የመምህሩ ጉዳይ ነው። ቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍ ወረቀት በዝናብ ይረግፍ ነበር፤ በግሩፕ የተለጠፈ ፎቶ ግን በመቶ ስልኮች ላይ ይቀራል፤ ወደ ማን እንደሚተላለፍም አይታወቅም። ሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰውን ስም ከውጤቱ ጋር አያይዞ ለማይመለከተው ማሰራጨት ከዚህ ሕግ መንፈስ ጋር አይሄድም።

መምህሩን በግሩፑ ውስጥ እንዳይናገሯቸው አደራ እላለሁ፤ እርሳቸውንም በሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል። በአካል ሄደው ልጅዎ የሆነውን ይንገሯቸው። መምህሩ በክፋት እንዳላደረጉት እገምታለሁ፤ ለሃምሳ ወላጅ ለየብቻ መጻፍ አድካሚ ሆኖባቸው ይሆናል። ስለዚህ ቅሬታዎን ከመፍትሔ ጋር ያቅርቡ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ወላጁ ብቻ የሚያውቀው ቁጥር ይሰጥ፤ ማርኩ በስም ፈንታ በቁጥር፣ ከክፍሉ የስም ቅደም ተከተል ውጭ ተደባልቆና ያለ ደረጃ ይለጠፍ። መምህሩ የሚጨምርባቸው ሥራ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ካልሆነ ወደ ወላጅ መምህር ኅብረት ይውሰዱት። መምህራንም ይህን ካነበባችሁ፣ በስልካችሁ ያለውን ማርክ ሊስት በይለፍ ቃል ዝጉት፤ ስልክ ይሰረቃል።

ጥያቄ፦ በደሴ አማርኛ አስተምራለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር ለጡረታ ሲወጡ የሃያ ዓመት ፈተናዎቻቸውን በሲዲ አስረከቡኝ። በስልኬም በአዲሱ ላፕቶፕም ስከፍታቸው የላቲን ፊደላትና ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይሆናሉ። ተበላሽተው ነውን?

መልስ፦ አልተበላሹም፤ ደስ ይበልዎት። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ ይሠራ የነበረው የግዕዝ ፊደልን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ በውስጡ የያዘው የላቲኑን ፊደል ነው፤ የድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ካለ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ፎንቱ ከሌለ ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ዕራቁቱን ይቀራል።

መጀመሪያ ፋይሎቹ የተጻፉበትን ፎንት ስም ይወቁ፤ በወርድ ውስጥ ጽሑፉን ሲመርጡ ስሙ ከላይ ይታያል። ቀጥሎ ያ ፎንት ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ በከተማዎ ካሉት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች አንዱ ሳይኖረው አይቀርም። እዚያ ከፍተው ወደ ፒዲኤፍ ከለወጡት በማንኛውም ስልክ በትክክል ይነበባል። ነገር ግን ፒዲኤፉ ለዓይን እንጂ ለፍለጋ አይሆንም፤ ከውስጡ ቢቀዱ ያው የተመሰቃቀለ ጽሑፍ ይወጣል። እንደገና ሊያስተካክሏቸውና ሊጠቀሙባቸው የሚፈልጉትን ጥያቄዎች ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ይለውጧቸው፤ ከተለወጡ በኋላ ቃል በቃል ማንበብ ግዴታ ነው፤ በተለይ ዲቃላ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦች ይሳሳታሉ። ከእንግዲህ የሚጽፉትን ሁሉ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ባሉ የዩኒኮድ ፎንቶች ይጻፉ። የሃያ ዓመት የቋንቋ ፈተና ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ክረምት አልጨርስም ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ከምንባቦቹ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በፈቃደኝነት አማርኛ አስተምራለሁ። ሁሉም ታብሌት አላቸው። አምስት መተግበሪያ ሞክሬ ልጆቹ ጨዋታውን ይወዱታል እንጂ ፊደሉን አይዙትም። በታብሌት «ሰላም» ብለው ይጽፋሉ፤ በእርሳስ ግን አይችሉም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል። ልጆቹ የሚተይቡት የላቲኑን ፊደል ሲሆን መሣሪያው ወደ አማርኛ ይለውጥላቸዋል፤ በጣታቸውና በ«ሰ» መካከል ሌላ ፊደል ቆሟል። ለአዋቂ ይህ አመቺ ነው፤ ፊደል ለሚማር ሕፃን ግን ፊደሉን ከዓይኑ ይሰውርበታል። አምስቱን መተግበሪያዎች ያቁሟቸውና ታብሌቱን ለሁለት ነገር ብቻ ያውሉት። አንደኛው ባዶ የሥዕል ገጽ ነው፤ ልጁ በጣቱ የፊደሉን ቅርጽ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። 33ቱን ከነሰባት ቤታቸው 231 አድርጎ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በየሳምንቱ ሁለት ቤተሰብ ይበቃል፤ በወረቀት የጻፉትን ብቻ በታብሌት እንዲጽፉ ይፍቀዱ። መተየብ ሲደርሱ አንድ ቁልፍ ሲነካ ከ«ሰ» እስከ «ሶ» ያሉትን ሰባቱን ፊደላት ዘርግቶ የሚያሳየውን የቁልፍ ሰሌዳ ይምረጡላቸው።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ሀገር ቤት አያት ይኖራቸዋል። ልጁ በሳምንቱ የተማረውን አንድ ዓረፍተ ነገር በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለአያቱ ይላክ፤ አያቲቱም በዚያው ይመልሱ። «እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ብሎ የላከ ልጅ መልሱን ለመረዳት የሚያደርገው ጥረት ከማንኛውም ጨዋታ ይበልጣል፤ አንቱታንም የሚማረው በዚህ ነው። የልጁን ድምፅ ከመስከረም ጀምሮ በተላከበት ቀን እየሰየሙ በአንድ ፎልደር ያኑሩት፤ በፋሲካ አካባቢ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ለወላጆች በተከታታይ ያሰሟቸው።